የደነቆረው ፎቅ

ኮንትራክተሩ የሞተው አውራ ጣቱን ከጥሪ ደወሉ ላይ ሳያነሣ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ አልጋው አጠገብ ቆማ ያንን ጣት አየችው። ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው ደጋግሞ ደውሏል፤ የነርሶቹ ጠረጴዛ ደግሞ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው። ማንም አልመጣም። ሐኪሙ፣ ሰውየው ኦክስጅን አጥቶ ነው የሞተው ይላል፤ ከራስጌው፣ እጁ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ያለው የኦክስጅን ቧንቧ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ገዳዩ ይኸው!» አለ የሟቹ ልጅ፣ የክሊኒኩን የኔትወርክ ባለሙያ ክንድ ጨምድዶ ይዞ። «አባቴ የሠራው ያ ሕንፃ ከወደቀ ወዲህ ያልዛተበት የለም። ደወሉ የሚያልፍበትን ኔትወርክ የያዘው ይሄኛው ግን ፈጸመው! ወይ እናንተ እሰሩት፣ ወይ የአባቴን ደም በእጄ እመልሳለሁ!»

ባለሙያው ጎልማሳ ነው፤ የልጆች አባት።

«እጅዎን ያንሡለት» አለች ወንፊት። «መበቀል ቢያምርዎትም መጀመሪያ ሰውየውን ይወቁት።»

ባለሙያውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የኔትወርክ ሳጥን ሄደች። ቁልፉ እዚያው ጎኑ ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሏል፤ መቆለፉ ለወጉ ያህል ነው። ውስጥ የፎቁን መስመሮች ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ስዊች አለ፤ በላዩ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎች፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ኬብል ተሰክቶባቸዋል። ሁለቱ ዳር ዳራቸው ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል።

«አጭር ኬብል አገኘሁ» አለ ባለሙያው። «አንዱ ጫፍ እዚህ፣ ሌላው ጫፍ እዚያ። ሁለቱንም ቀዮቹ ላይ ሰክተውት ነበር፤ ነቀልኩት።»

«ይህ ሰው ይገድላል?»

«ፎቁን ያደነቁራል። አንዱ መሣሪያ ‹እገሌ የት ነህ?› ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ስዊቹ ጥሪውን በሁሉም ቀዳዳ ይለቀዋል። ኬብሉ በራሱ ላይ ከዞረ ያው ጥሪ ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ለሁሉም ይለቀቃል፤ ይባዛል፣ ይባዛል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ብቻ ነው፤ የበሽተኛው ደወል በየት በኩል ይለፍ?»

«መከላከያ የለውም?»

«አለው እንጂ! ስዊቹ ጥሪው ዞሮ ሲመጣበት ቀዳዳውን ራሱ ይዘጋል። ቀዮቹ ግን የራጅ ማሽኖቹ ናቸው። ማሽኖቹ ሥራ ሲጀምሩ እየዘጋባቸው ስላስቸገረ ጥበቃውን አጠፋሁት። አሁን ለጥገና ወጥተዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የቀዩን ትርጉም ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ሰብስቤ፣ ‹እነዚህን ሁለቱን ያገናኛችሁ ቀን ፎቁ ይደነቁራል› ብያቸዋለሁ።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነዎት» አለች ወንፊት። «ኬብሉ ሲሰካ የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት። ዋና ነርሷ ክፍሌ ወዳለው ስልክ ደውላ፣ ኔትወርኩ ሞቷልና ምድር ቤት ያለውን ዋናውን ስዊች እይ ስትለኝ ወረድኩ። እዚያ የተበላሸ ነገር አልነበረም።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ተረኛ ነርስ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እዚህ ባለው የበሽተኞች መከታተያ ስክሪን ላይ ደህና ነበር» አለች። «ቁጥሩ አልነቃነቅ ሲለኝ ነው የደነገጥኩት። ስልክ ሳነሣ ጭጭ! ሞባይል ደግሞ በር ላይ ነው የምናስረክበው። አለቃዬ ሲስተር ‹በሽተኞቹን እኔ አያለሁ፣ አንቺ ሮጠሽ ባለሙያውን ጥሪ› አለችኝ። ብሮጥ ክፍሉ ውስጥ የለም።»

ዋና ነርሷ ክፍሏ ተቀምጣ ነበር። ነጭ ልብሷ አንዲት ቦታ እንኳ አልተጨማደደም።

«ኔትወርኩ እንደሞተ ወዲያው የደወልኩለት እኔ ነኝ» አለች። «ከዚያ በየክፍሉ ዞርኩ። እኚህ ጋ ስደርስ አልፈዋል።»

«በየትኛው ስልክ ደወሉ?»

«በዚሁ።»

ወንፊት ስልኩን አንሥታ ገመዱን በጣቷ ተከተለችው። ግድግዳው ውስጥ ገባ። ወጥታ ሳጥኑን ስትከፍት ያው ገመድ ስዊቹ ላይ ተሰክቶ አገኘችው።

ልጅየውን፣ ባለሙያውንና ሁለቱን ነርሶች በነርሶቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ልጅየው አሁንም ባለሙያውን በዓይኑ ይበላዋል።

«ኬብሉ በስህተት አልተሰካም» አለች ወንፊት። «ሌላ ቀዳዳ ቢሆን ስዊቹ ራሱ ይዘጋው ነበር። የሰካው የቀዩን ትርጉም ያውቃል። ግን ፎቁን ማደንቆር ብቻውን አይገድልም። አንድ ሰው ቧንቧውን ዘግቶ፣ ሰውየው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ መልሶ ከፍቶታል። ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው መራቅ ነበረበት፤ ኬብሉን የሚያገኘውና ስክሪኑን የምታየው። ባለሙያው በስልክ ወደ ምድር ቤት ተላከ። ተረኛዋ እሱን ፍለጋ ተላከች። የላከቻቸው አንድ ሰው ናት።»

«ለሥራው ነው!» አለች ዋና ነርሷ። «ኔትወርኩ ሞቶ ምን ላድርግ?»

«ስልኮቹም የሚሄዱት በዚያው ስዊች ነው። ተረኛዋ ስታነሣው ጭጭ ብሏል። የእርስዎ ግን እስከ ባለሙያው ክፍል ጥርት ብሎ ደረሰ። ሲስተር፣ ኔትወርኩ ሞተ ብለው ሲደውሉ ኔትወርኩ በሕይወት ነበር። የገደሉት ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው።»

ልጅየው ዓይኑን ከባለሙያው ላይ አነሣ። ተረኛዋ ነርስ ከአለቃዋ ፈቀቅ አለች። ዋና ነርሷ ግን አልካደችም፤ ለብዙ ጊዜ አፍና የያዘችው ንዴት ፊቷን አቀላው።

«ሕንፃው ሲወድቅ እህቴ ከሥሩ ነበረች» አለች። «ስትጣራ ውጭ ድረስ ይሰማል። እኚህ ሰውዬ ማሽኔ ፍርስራሹ ውስጥ ገብቶ አይሰበርብኝም ብለው መቆፈሪያውን ከለከሉ። ድምጿ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማኋት። እግር ጥሏቸው እዚህ ሲተኙ፣ እሳቸውም እየተጣሩ ሰሚ አጥተው እንዲሞቱ ፈለግሁ። አይቆጨኝም!»

«አባቴ…» አለ ልጅየው። ማሽኑ መከልከሉን ያውቅ ነበር። «አባቴ ሲሞት ምን አለሽ?»

ዋና ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረቀረች።

«ለምን እንደሚሞቱ እንዲያውቁት ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ የእህቴን ስም በጆሯቸው ነገርኳቸው» አለች። «በቀረቻቸው ትንፋሽ ‹ማን ናት እሷ?› አሉኝ።»