ፍሎፒው ውስጥ የቀረው ኑዛዜ

በዚያ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ነፍስ ይኖር ነበር። አባት በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት የውሃ መርማሪ፣ እናት እዚያው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጃቸው፣ እና ጉንጩ ዓይኑን ሊውጠው የደረሰ የስድስት ዓመቱ ድምቡሼ። ሀብት የላቸውም፤ ሳቅ ግን ሞልቷቸዋል። እናትየዋ ከሥራ ገብታም ጣቶቿ አርፈው አይቀመጡም፤ ጠረጴዛውን እንደ ኮምፒዩተር ቁልፍ ሲደበድቡት ድምቡሼ፣ «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ምን እየጻፍሽ ነው?» ይላታል። «አንተን ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ማመልከቻ» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። ደስታ እንግዳ እንጂ ቤተኛ አለመሆኑን ማን ይንገራቸው?

አንድ ሰኞ አባትየው ለመስክ ሥራ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና፣ «እስክመለስ ድረስ የቧንቧውን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» አለ። ምክንያቱን ሳይናገር ወደሚጠብቀው መኪና ሮጠ። እናት በየቀኑ አፈላች፤ አቀዘቀዘች፤ በጠርሙስ ሞላች። ግን ኳስ ሲያሯሩጥ የዋለ ሕፃን ጉሮሮው ሲደርቅ ምክር ትዝ ይለዋል? ሐሙስ ዕለት ድምቡሼ ከጎረቤት ቧንቧ አፉን ገጥሞ ጠጣ። ዓርብ ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር። ቅዳሜ እነዚያ ጉንጮች ሟሸሹ። እሑድ... እናቱ ጭን ላይ እንደተኛ ቀረ። በዚያ ሳምንት ከሰፈሩ አሥራ አራት ሰው ተቀበረ!

የአገር እንባ ተጠያቂ ይፈልጋል። ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ «ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው» የሚል፣ የአባትየው ስም የተቀረጸበት ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ተገኘ። አባትየው ተይዞ በታሰረበት በመጀመሪያው ቀን፣ «እኔ አልፈረምኩም!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ እስር ቤት ሄዳ ከጠየቀችው በኋላ ግን አንደበቱ ተለጎመ፤ ዳኛው ቢጠይቁት ዝም፣ ጠበቃው ቢለምነው ዝም። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ ልጅቷን ለምስክርነት አቆማት።

«አባትሽ ከመሄዱ በፊት ስለ ውሃው የነገራችሁ ነገር ነበር?»

«አዎ» አለች፣ ወንድሟ ከተቀበረ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። «አፍልታችሁ ጠጡ ብሎን ነው የሄደው።»

አዳራሹ ተናወጠ። ለገዛ ቤቱ ተጠንቅቆ ለሰፈሩ ሞት የፈረመ ሰው! ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። እናትየዋ ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏት መንምና መንምና በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ልጅቷም የሁለቱንም ሞት በአባቷ ላይ ቆጠረች። አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አልጠየቀችውም። ተፈትቶ መጥቶ በሯን ሲያንኳኳ፣ «አባት የለኝም» ብላ ከውስጥ ቆለፈች። እሱም በሩ ላይ ትንሽ ቆየና ኮቴው ራቀ...

ሃያ ዓመት አለፈ። ልጅቷ መጋረጃ እየሰፋች ራሷን የምታስተዳድር ብቸኛ ሴት ሆነች። አንድ ቀን የማታውቃት ሴት ደወለችላት። «አባትሽ ሆስፒታል ናቸው፤ የሚተርፉ አይመስለኝም። እኔ ቤት ያከራየኋቸው ነኝ። ዕቃቸውን መጥተሽ ብትሰበስቢ» አለቻት። ለወግ ያህል ሄደች። አልጋ፣ ወንበር፣ የጥበቃ ሠራተኛ ካፖርት። አልጋው ሥር ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ሳጥን ነበር፤ ውስጡ ሰባት ፍሎፒ ዲስኮች፣ የድሮ ኮምፒዩተር ጽሑፍ ማስቀመጫዎች። ከአንደኛው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። የእናቷ የእጅ ጽሕፈት! «ለባሌ» ይላል። ለአባቷ ብላ አይደለም ሳጥኑን ታቅፋ የወጣችው። የእናቷን አንድ ቃል ብታገኝ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ብላ ነው።

ሳጥኑን ወደ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ወሰደችው። የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» ይለዋል፤ የሞተ ማሽን ያስነሳል ብለው። ፍሎፒውን ሲያይ ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ! የዛሬ ኮምፒዩተር ማስገቢያው እንኳ የለውም።»

«የእናቴ ጽሑፍ ነው ያለበት» አለችው።

ሳቁን ዋጠ። መጋዘን ገብቶ በኬብል የሚሰካ ያረጀ የፍሎፒ ማንበቢያ አቧራውን እያራገፈ ይዞ መጣ። የዲስኩን የብረት ክዳን ገለጥ አድርጎ ቡናማው ፊልም ላይ የበቀለውን ሻጋታ አሳያት፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ እያዞረ ቀስ አድርጎ ጠረገው። የመጀመሪያውን አስገባ። ማንበቢያው እንደ አስም በሽተኛ አቃሰተና ኮምፒዩተሩ «ዲስኩ ባዶ ነው፤ ይዘጋጅ?» አለ። «እሺ ካልነው ያለውን ሁሉ ይጠርገዋል» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው... አምስቱም እንደዚያው። በስድስተኛው ሁለት ጽሑፎች ወጡ፤ ግን ዶሮ የጫረው ይመስላሉ። «አይዞሽ፣ የድሮ ፊደል ስለሆነ ነው፤ አዲሱ ኮምፒዩተር አያውቀውም» አለና የድሮውን ፊደል ፈልጎ ጫነበት። ጭረቱ ቃል ሆነ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የአባቷ ሪፖርት ነበር። ሰኞ የተጻፈ። «ናሙናው ለመጠጥ ተስማሚ አይደለም። መስመሩ ዛሬውኑ ተዘግቶ ሕዝቡ ይነገረው።» ሁለተኛው ያው ቁጥር፣ ያው ስም። «ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው።» ይሄኛው ቀኑ ሰኞ ይበል እንጂ ዲስኩ የመዘገበው የተጻፈበት ቀን ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ! ማክሰኞ አባቷ ከተማው ውስጥ መቼ ነበረና? ታዲያ ማን... ልቧ የጠረጠረውን አእምሮዋ አልቀበል አለ። ሐኪሙ «ለባሌ» የሚለውን አስገባ። ማንበቢያው አቃሰተ፣ ቆመ፣ እንደገና አቃሰተ። ከዚያ የእናቷ ቃል በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ተደረደረ፤

«ባሌ ሆይ፣ አፌ ቢያቅተው በጣቴ ልንገርህ። ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ መስመር አይዘጋም፣ በሦስት ቀን መድኃኒት ይጨመርበታል፣ ወረቀቱን አስተካክዪው አለዚያ ሁለታችሁም ከሥራ ትባረራላችሁ ሲለኝ ፈራሁና ጻፍኩት። ማኅተምህን ከመሳቢያህ አውጥቼ መታሁ። ፊርማህንም እኔው ፈረምኩ። ለልጆቼ እያፈላሁ ለሰው ልጆች ፈረምኩ። ድምቡሼን የገደልኩት እኔ ነኝ። ልናገር ስልህ ሁለታችንም ከታሰርን ልጅቷን ማን ያሳድጋታል ብለህ አፌን ዘጋኸው። ግን የታሰርኩት እኔ ነኝ፤ አንተስ ትፈታለህ። ለልጃችን ንገራት፣ አባቷ...»

እዚያ ላይ ተቋረጠ። «የቀረውን ሻጋታው በልቶታል» አለ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ። እሷ ግን አልሰማችውም። ሦስቱንም ጽሑፍ በወረቀት አሳትማ፣ ፍሎፒውን ይዛ ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ሽማግሌው አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ወደ ያዘችው ፍሎፒ ሄደ።

«አገኘሽው?» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ስፈታ የእናትሽ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ሰጡኝ። የሚያነበው ማሽን ባጣ... አንዱ ጣሉት አባባ አለኝ። እንዴት ልጣለው? ልጄ... ምን ትላለች?»

ሃያ ዓመት ታቅፎት ኖሮ አንድ ቃሉን አላነበበውም! ከታተመው ወረቀት ላይ እያለቀሰች አነበበችለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ለምን አባዬ? እሷ ከሞተች በኋላ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?»

«ወንድምሽ የለ። እኔን ጠልተሽኛል። የቀረሽ የእናትሽ ትዝታ ነበር። እሱን ቀምቼሽ በምን ትቆሚያለሽ?»

«እኔ እኮ ነኝ ያስፈረድኩብህ!»

«እውነቱን ነው የተናገርሽው። ልጄ ዋሾ አይደለችም እያልኩ፣ እየኮራሁ ነው የገባሁት።» ቀዝቃዛ ጣቶቹ እጇን ፈለጉ። «እስኪ ድገሚልኝ... ‘ባሌ ሆይ’ የምትለውን።»

ደገመችለት። ሠለሰችለት። በሦስተኛው ላይ ጣቶቹ እጇን ለቀቁ...

ቀብሩ ላይ ከአሥር ሰው አይበልጥም ነበር። ሁለት የልጅ ልጆቿን በዚያ ውሃ ያጣች አሮጊት ከኋላ ቆማለች። «ለለቅሶ አይደለም የመጣሁት። መርዙ አፈር ሲገባ ልየው ብዬ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ልጅቷ አላስቻላትም። ከቦርሳዋ የሰኞውን ሪፖርት አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። «አባቴ አልመረዘም! ዝጉት ብሎ ነበር! ይኸው!»

አሮጊቷ ቀረብ ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እሺ ልጄ። ታዲያ ማን ፈረመ?»

የእናቷ ደብዳቤ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። ጣቷ ነካው። የእናቷና የድምቡሼ መቃብር ከቆመችበት ሃያ እርምጃ አይርቅም። አንዱን አባት ለማንሳት አንዲት እናት ከመቃብር ትጎተት? አባቷ ዘጠኝ ዓመት የታሰረለትን፣ ዕድሜውን ሙሉ የተሰደበለትን ምስጢር ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ለአደባባይ ታውጣው? ደግሞስ የአሥራ አራቱ ሟቾች ዘመዶች እውነቱን የማወቅ መብት የላቸውም? ቦርሳውን ዘጋችው።

«አላውቅም እማማ» አለች።

«ልጅ ለአባቷ ምን የማትለው አላት!» አለች አሮጊቷ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

ወይ ዕጣ ፈንታ! ሀብት የሚያወርስ ቤት አለ፤ በሽታ የሚያወርስ ቤትም አለ። ያ ምስኪን አባት ለልጁ ያወረሳት ዝምታውን ነበር። ሕይወቷን በሙሉ እውነት በመናገሯ የተቀጣች ያቺ ሴት፣ በአንዲት ውሸት የእናቷን ስም ከነአፈሩ አዳነች፤ የአባቷን ስም ግን ከነሬሳው ቀበረችው። ማንን እንኮንን? የፈራችውን እናት? የታገሠውን አባት? ወይስ በሁለት ፍቅር መካከል ቆማ ምላሷ የተሳሰረባትን ልጅ? ፍርዱ ከእኛ ይርቃል። ለእኛ የቀረልን እንባው ብቻ ነው።