ስድስተኛው መርዶ ነጋሪ

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን ስሜን ደብቁልኝ አላልኩም። ፋና እባላለሁ፣ የላሊበላ ልጅ ነኝ፣ የሆነውም በገዛ ቤታችን ደጃፍ ነው።

ባለፈው ኅዳር... ቅዳሜ... ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ሌሊት አይደለም። ሰማዩ ቀልቶ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ጠዋት መሆኑን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጠዋት ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። የትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ ለውድድር አጭር ድራማ በስልክ ቀርጾ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ጸሐፊዋ እኔ፣ አዘጋጇ እኔ፣ ቀራጯም እኔ። የስልኬ ካሜራ ከሁሉም ስልክ ይሻላል፣ አፌ ደግሞ ከሁሉም አፍ ይበልጣል።

"መክፈቻው ሰውን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት" አልኳቸው።

ወረቀት ላይም አንድ በአንድ ሳልኩት። ጭጋግ... ቀጭን መንገድ... ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አምስት ሰዎች አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ወደ አንድ ቤት ይሄዳሉ። በሩ ጋ ይቆማሉ። አንዱ ያንኳኳል። እዚያ ላይ የድራማው ርዕስ ይወጣል።

የልብ ጓደኛዬ እየሩስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ፋኒ... ይሄ መርዶ አይደል እንዴ?"

"አዎ።"

"የማን ቤት ነው የምንቀርጸው?"

"የኛ።"

"አብደሻል?"

ለምን እንደዚያ እንዳለችኝ ልንገራችሁ።

ወንድሜ ኪዳን ከሦስት ዓመት በፊት ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ። በእግር፣ በመኪና፣ ከዚያ በጀልባ። ባሕሩን ሊሻገር ሲል አንድ ጊዜ ደወለልኝ።

"እማን አደራ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

እናቴ አሰለች ግን ተስፋ ቆርጣ አታውቅም። በየወሩ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ እየሄደች ትሳልለታለች። ማታ በሩን ስትዘጋ መወርወሪያውን አታስገባም። "ልጄ በሌሊት ቢደርስ ደጅ እንዳያድር" ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩን ገርበብ አድርገን ነው የተኛነው።

እየሩስ የማታውቀውን ደግሞ ልንገራችሁ... ለማንም ያልተናገርኩትን።

ከዚያ ኅዳር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ። ደሳለ የሚባል፣ ከኪዳን ጋር የተሳፈረ ልጅ ነው።

"እህቱ ነሽ?" አለኝ።

ጀልባዋ ተገልብጣለች። ኪዳን ልብሱን እንደለበሰ፣ ደሳለ እያየው ሰመጠ። ይህን ብቻ ነግሮኝ ስልኩ ተቋረጠ።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ በጠዋት እህል ሳይቀመስ በር ይንኳኳል። ከኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ለጎረቤታችን ለእትዬ ይማርሽ በጆሯቸው ሹክ ማለት። የቀረውን እሳቸው ያውቁበታል።

አላልኩም።

ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ። እማ "ኪዳኔ ሲመጣ" ባለች ቁጥር "አዎ እማ" እላለሁ። ያ ለወሬ የማይሰንፍ አፌ ለእውነቱ ግን አይከፈትም።

መክፈቻውን የጻፍኩት ለዚህ ይመስለኛል። በአፌ አልወጣ ያለው በእጄ ወጣ።

የዚያን ቅዳሜ እማ ለኪዳን ልትሳል ሄዳ እዚያው ነአኩቶ ለአብ አድራለች። ቤቱ ባዶ ነው። በሩን ቆልፌ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

እትዬ ይማርሽ ደጃቸው ላይ ቆመው አዩን። የክበባችን ልጅ ወንዴ በጥጥ ጺም ሠርቷል። እየሩስና ሌሎቹ ሦስት የክበቡ ልጆች ነጠላና ጋቢ ተከናንበዋል።

"ምን ልትሆኑ ነው እናንተ?"

"ድራማ ነው እትዬ። መርዶ ነጋሪ ሆነው ነው።"

ፊታቸው ተለወጠ።

"በአሰለች ደጅ? ተይ ልጄ... ተይ። ሰው የሚጠበቅበት ደጅ እንዲህ ተሁኖ አይኬድም።"

"እማ እኮ የለችም፣ እትዬ።"

"እሷማ የለችም" አሉ።

ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ወንዴ ጺሙን እየዳበሰ፣ "በኔ ደንግጠው ነው፣ እንደ ሽማግሌ አምሮብኛል ማለት ነው" አለ። ሳቅን። ያን ቀን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በበራችን ትይዩ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ወጣሁ።

"ዝግጁ... ሂዱ!"

ከታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። ወንዴ ከፊት፣ እየሩስ ከመጨረሻ። አንገታቸውን ደፍተዋል። በጣም ያምር ነበር። በስክሪኑ ቆጠርኳቸው።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት...

ስድስት።

ከእየሩስ ኋላ፣ አስር እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ሰው ይሄዳል። እሱም ነጠላውን አዘቅዝቋል።

"ቁም! ማነው ከኋላ የገባው?"

ስልኩን ዝቅ አድርጌ በዐይኔ አየሁ። አምስት ናቸው።

"የምን ሰው?" አለ ወንዴ።

"አንድ ሰው አላለፈም?"

"ኧረ ማንም አላለፈም።"

ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኘሁ። "እንድገመው" አልኳቸው።

በሁለተኛው ቀረጻም ስድስተኛው አለ። ቀርቧል። የአምስቱ ነጠላ በንፋሱ ይውለበለባል፣ የሱ ግን ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ርጥብ ነው። ዝናብ ካየን ሁለት ወር አልፎናል፣ ከነጠላው ጫፍ ግን ውሃ ይንጠባጠባል።

እና አረማመዱ...

ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነው የሚሄደው። እንደዚያ የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ሲወስደኝ፣ እኔ አጭር ነኝና ወደኔ ዘንበል ይል ነበር። አድጎም አልተወውም። እማ "ኪዳኔ፣ ፋና እኮ አደገች፣ ቀና በል" እያለች ትስቅበት ነበር።

ስልኩን ሳላወርድ ጠራኋት።

"እየሩስ..."

"ምን?"

"ከኋላሽ... ሰው አለ?"

"ኧረ ፋኒ አታስፈራሪኝ!" ብላ ዞረች። ዞራም ቆየች። "ማንም የለም... ግን አፈሩ ለምን ረጠበ?"

እዚያው ማቆም ነበረብኝ። ግን ሦስት ዓመት ያላየሁት ወንድሜ ነው። ሰው ከወንድሙ ይሸሻል?

"አንዴ ብቻ" አልኳቸው። "የመጨረሻ።"

ስልኩን አነሳሁ፣ ተጫንኩት። አምስቱ መንገድ ሲጀምሩ ግን ዐይኔን ጨፈንኩ። ሞቶ መምጣቱን አይደለም የፈራሁት። ቀና ብሎ "ለምን አልነገርሽልኝም?" በሚል ዐይን እንዳያየኝ ነው።

እግራቸው ይሰማኛል። ቀስ... ቀስ...

ከዚያ ሌላ እግር... ጭቃ የሚረግጥ ዓይነት... በአጠገቤ መጣ። ስልክ ያልያዘው እጄ በረደኝ። ባልጩት ድንጋይ የያዝኩ ያህል በረደኝ።

በሩ ተንኳኳ።

ኳ...

ኳ...

ኳ...

ዐይኔን ገለጥኩ። አምስቱም ከበሩ ሃያ እርምጃ ርቀው ደርቀዋል።

"ማነው ያንኳኳው?"

ወንዴ ጺሙ ካገጩ ተንጠልጥሎ ያየኛል።

"እኛ... ገና አልደረስንም" አለ በሹክሹክታ።

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። በሩም እንደተቆለፈ ነው። ደፉ ላይ ግን ውሃ ተኝቷል።

ልጆቹ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ። እየሩስ ብቻ አብራኝ ቀረች። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ላልቅስ ብል እንባዬ እምቢ አለኝ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን እማ ዳገቱን እየወጣች መጣች።

ከሩቅ አየኋት።

ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ማንም ሊነግራት አይችልም። የሚያውቅ ሰው በአገሩ የለም፣ ከኔ በቀር። ሮጬ ሄድኩ።

"እማ... ማን ነገረሽ?"

"ራሱ።"

"ማ ራሱ?"

"ጎህ ሲቀድ ጠበሉ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠብበት ጋ ቆሜ ነበር። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ልብሱ ርጥብ ነው። በጠበሉ የራሰ መስሎኝ 'ይበርድሃል ልጄ' አልኩት።"

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። 

"'ፋና እምቢ አለችኝ' አለኝ። 'ዓመት ሙሉ ለመንኳት፣ እምቢ አለችኝ። ዛሬ ግን እጇን ይዤ አመጣታለሁ' አለኝ።"

ወደኔ ዞረች።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ እማ።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። በመታችኝ! በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ስታየኝ ቆየች።

"ብቻሽን?" አለች። "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸከምሽው? እኔን ልጄን... እኔን አፈር ያድርገኝ!"

ያን ጊዜ ነው የተሰነጠቅኩት። እናቴ የልጇን መርዶ በሰማችበት ቀን መጀመሪያ ያለቀሰችው ለኔ ነው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆማ "ኪዳኔ!" ብላ ጮኸች። እትዬ ይማርሽ በሩጫ ወጡ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ። ምንም አልጠየቁም። "ጠዋት በሬን ዘግቼ ያለቀስኩት ለዚህ ነው" ብለው እማን አቀፏት።

ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የለም፣ ሱሪውና የትምህርት ቤት ሹራቡ መሀል ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰ። ድራማው ቀረ። ወንዴ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ዐይኔን ማየት አቅቶት፣ ሲያስተዛዝን ውሎ ሄደ።

አርባው ወጣ። አሁን እማ ማታ ማታ መወርወሪያውን ታስገባለች። የእንጨቱን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያን በር የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ ይሰማኛል።

ሁለቱን ቪዲዮዎች መልሼ አይቻቸዋለሁ። ያሉት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእየሩስም ጋር ሆነን ደጋግመን ቆጥረናል፣ አምስት።

ሦስተኛውን ለመክፈት ግን ድፍረት አልነበረኝም። የከፈትኩት ትናንት ነው።

አምስቱ ከጭጋጉ ይወጣሉ። ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ይቆማሉ። በመሀላቸው ኪዳን ያልፋል፣ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ።

ዘንበል ያለው እጅ ስለያዘ ነው።

እጇን የያዛት ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ያን ቀን የለበስኩትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አለ። አይጎትታትም። እንደዚያ እንደ ድሮው፣ ቀስ እያለ በሩ ጋ ያደርሳታል፣ እጇን ያነሳላታል፣ ታንኳኳለች። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ሁለቱም ዞረው ወደ ካሜራው ያያሉ። እያለቀሰች ነው። ፊቷ የኔ ፊት ነው።

ስልኩን ይዤ አጥሩ ላይ የቆምኩት ግን እኔ ነበርኩ።