የእትዬ ወሰኔ አሥራ ስምንት ሺህ ቃል

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁና እንስማማ፣ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ሰው «ጥላ አየሁ» ሲለኝ «ፀሐይ በየት በኩል ነበረች?» ብዬ የምጠይቅ ነኝ፣ ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ተማርራ ሕልሟን እንኳ አትነግረኝም። ስለዚህ የምነግራችሁን ቀንሳችሁ ብትሰሙት አልቀየምም፣ እኔም ብሆን እቀንስ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነው። የመንዝ ሰዎች የሆንን ሠላሳ ያህል የምንሆንበት የጽሑፍ ቡድን አለን፣ በየዓመቱ በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ «በአንድ ወር አንድ ልብወለድ» ብለን እንፎካከራለን፣ ሃምሳ ሺህ ቃል ላይ የደረሰ አሸነፈ ማለት ነው፣ በየማታው ሁሉም የዕለቱን የቃል ብዛት ይለጥፋል። ግን የኛ አገር ሰው ያለ ሙግት መቼ ይሆንለታል፣ ይህንንም ችሎት አደረግነው፣ ዳኛ ሾምን፣ ጋሽ ግዛው ይባላሉ፣ በጡረታ ያሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፣ የሌላውን የቃል ቁጥር የተጠራጠረም እንደ ጥንቱ ሙግት መወራረድ አለበት፣ የጥንቶቹ በቅሎና ማር ይወራረዱ ነበር፣ እኛ ያለን ቃል ነውና በቃል እንወራረዳለን። ባዶ ሐሜት አይፈቀድም።

እትዬ ወሰኔ ዘንድሮ ነው የገቡት። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጅ ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የመጀመሪያው ማታ «አሥራ ስምንት ሺህ» ብለው ለጠፉ፣ በማግስቱም አሥራ ስምንት ሺህ፣ በሦስተኛውም፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሺህ ገቡ። ሌላው «ጎበዝ!» እያለ ያጨበጭባል፣ እኔ ግን ካልኩሌተር አወጣሁ፣ በደቂቃ ሃያ አምስት ቃል፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሳይበሉ፣ ሳያስነጥሱ! «በሬ ወለደ» ብዬ ጻፍሁ፣ ያም አልበቃኝም፣ ሞቅ አለኝና «ውሸት ካልሆነ የራሴ ሠላሳ ስምንት ሺህ ቃል ከነምዕራፉ ይጥፋ» ብዬ ተወራረድሁ።

ጋሽ ግዛው መዘገቡ። ውሸት ሆኖ ከተገኘ እትዬ ወሰኔ ተሰርዘው ስማቸው «ቀጣፊ» ተብሎ ይለጠፋል፣ ግማሹ የቡድኑ አባል ደግሞ እርሳቸው ያስተማሩት ሰው ነው። እትዬ የመለሱት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ከሳሼ ራሱ መጥቶ ይይ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ጉሙ ሜዳውን ውጦት ነበር፣ ቤታቸውን ያገኘሁት በውሻ ጩኸት ነው፣ አንዲት ክፍል፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ አንድ በር።

«ደህና መጣህ፣ መምህር። ብርዱ በላህ አይደል? ወደ እሳቱ ጠጋ በል።»

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ፣ ቁጥሩ ነው የገረመኝ።»

«ምን ያስቀይመኛል፣ ከሳሽ አይደለህ? ክሰስ እንጂ!» ብለው ሳቁ፣ እኔ ነኝ ያፈርሁት።

እንዝርታቸውን አንሥተው የበግ ጠጉር መፍተል ጀመሩ፣ ስልካቸው አጎዛው ላይ ተቀምጧል፣ እየፈተሉ ታሪኩን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ስልኩም የሰማውን እየተከተለ ይጽፋል። ይኸው ነው! እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት አልዋሹም፣ በአፋቸው ነው የሚጽፉት።

«ታዲያ አሥራ ስምንት ሺህ የሚሞላው በዚህ ነው?» አልኋቸው።

እንዝርቱን አቆሙ። «እኔ ደክሞኝ እስክተወው ሦስት ሺህ ብናገር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ስወጣ ስገባ ጨምሮ አገኘዋለሁ። ለልጄ ብነግራት ‹እማዬ፣ ብቻሽን ኖረሽ አእምሮሽ ተነካ› አለችኝ፣ ቤቴን ዘግታ ደብረ ብርሃን ልትወስደኝ ነው። ያበድሁ እንደሆነም ልወቀው። በጎቹን አስገብቼ እስክመለስ ቁጭ ብለህ እይልኝ።»

ወጡ። ስልኩን አየሁት፣ የመጨረሻው ቃል ላይ ቆሟል፣ ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በልቤ «ምስኪን» አልሁ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፣ ሰው በሩቅ ዳዊት ሲደግም የሚሰማው ዓይነት ማጉተምተም፣ ነፋስ ነው ብዬ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት፣ ድምፁ አልቀነሰም። ከጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጠፍሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ክፍል የለም፣ ገደል ነው፣ ስመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዞር ስል ስልኩ እየጻፈ ነው፦ «ሰውዬው ግድግዳውን ነካ። ቀዝቃዛ ነበር።»

የሒሳብ ሰው ነኝ አላልኋችሁም? ኔትወርኩን አየሁ፣ የለም፣ ቢሆንም ዳታውን አጠፋሁት፣ ማይኩንም በአውራ ጣቴ ደፈንሁት። ጣቴ ሥር እየጻፈ ቀጠለ፦ «ሰውዬው ሦስተኛውን ምዕራፍ ገልብጦ ሰባተኛ አደረገው። የጀግናውን ስም ለወጠ። ዝናቡን ፀሐይ አደረገው። ማንም አላወቀበትም።»

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኛ! በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁጥር ጎድሎብኝ፣ ባለቤቴ ተኝታ፣ ሰባተኛውን ምዕራፍ እንዲያ ነበር የሞላሁት፣ ለማንም አልተናገርሁም፣ እዚያ ቡድን ውስጥ ስለ ሰው ቁጥር የምጮኸውም እኔው ነበርሁ።

«ማነው?» አልሁ ጣቴን ከማይኩ አንሥቼ።

ስልኩ «ማነው» ብሎ ጻፈ፣ እሺ፣ ይህ የኔ ድምፅ ነው። ትንሽ ቆየና ከሥሩ ሌላ መስመር ጨመረ፦ «ተቀመጥ። ገና ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነን።»

ተቀመጥሁ፣ ምን ላድርግ፣ እትዬ በሩን ከፍተው ሲገቡ አጎዛው ላይ ተኮራምቼ ነው ያገኙኝ፣ ማጉተምተሙም በሩ ሲከፈት ጸጥ አለ።

«አየህ?» አሉኝ፣ በዓይናቸው እየለመኑኝ።

«አየሁ፣ እትዬ። ሰማሁም።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! አላበድሁማ!» ሲሉ እኔም እንባዬ መጣ፣ ያን ያህል ፈርቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም አይገባኝም።

የልጃቸውን ቁጥር ተቀብዬ፣ ኔትወርክ ያለበት ስደርስ ደወልሁላት፣ ስልኩ ራሱ ብልሽት እንዳለበት፣ እናቷ ደህና መሆናቸውን በዓይኔ አይቼ እንደመሰከርሁ ነገርኋት፣ የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ስትሰማ አመነችኝ፣ እትዬም ቤታቸው ቀሩ። ማታ ቡድኑ ላይ «ቃሉ አለ፣ ሲጻፍም አይቻለሁ፣ ተረትቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ፣ የሰባተኛውን ምዕራፍ ነገርም አወጣሁት። ጋሽ ግዛው «ጸሐፊው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ «ክሱ ቃሉ የለም የሚል ነበር፣ ማን ጻፈው አልተባለም» አልኋቸው፣ በሕግ አስበው መዝገቡን ዘጉ። ሠላሳ ስምንት ሺሁን ቃል ደመሰስሁት፣ አትዘኑልኝ፣ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም፣ አሁን በቀን ሦስት መቶ ቃል እጽፋለሁ፣ ሦስት መቶውም የኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደወሉልኝ፣ ድምፃቸው እንዴት ደስ ይላል።

«መምህር፣ ልነግርህ ብዬ ነው፣ አንተ ከሄድህ ጀምሮ አንዲት ቃል አልጨመረም። እፎይ ብዬ ነው የምተኛው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ!»

«ብቻ...» አሉና ሳቁ፣ «ተከትሎህ ሄዶ ይሆን እንዴ?»

እኔም ሳቅሁ፣ ለትልቅ ሰው ይሳቃል፣ ደህና ዋሉ ተባብለን ተለያየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስልኬን ደፍቼ ነው የማስቀምጠው፣ ጠዋት ሳነሣውም የጻፍሁበትን ፋይል ከመክፈቴ በፊት አብራኝ እንድታይ ባለቤቴን እጠራታለሁ፣ እስካሁን ሦስት መቶው ሦስት መቶ ነው፣ ባለቤቴም ለምን እንደምጠራት አልጠየቀችኝም።