ቀይዋ መኪና ስንት ሄደች?

«ሞተሯ ገና ሙሽራ ነው፣ ወንድሜ። አርባ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ! ግንባሯ ላይ ያለው የቀለም መፋቅ ነው፤ ሌላ እንከን የላትም» አለ ባለሱቁ ሸምሱ፣ የዝናብ ልብስ ለብሶ በቀይዋ የስፖርት መኪና ሥር ላጎነበሰው ሰው።

«ሟቹ የወደቁት የት ላይ ነው?» አለ ሰውየው ቀና ሳይል።

ሸምሱ መኪናዋን ሲደባብስ የነበረውን እጁን ሰበሰበ። እንግዳው ገዢ ሳይሆን ከአውራጃው ፖሊስ የተላከው መርማሪ ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ ነበር። ሰው በሞተ በሦስት ሰዓት ውስጥ መኪና ለመሸጥ መሞከር ደግ አይደለም። ሸምሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ገዢ የመሰለ ነገር ሲያይ ልቡ ይሰወርበታል እንጂ።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ጭቃዋን ታቦካለች። ሁለት በር ብቻ ያላትን፣ ሆዷ መሬት የሚልሰውን መኪና ሸምሱ የገዛት በመሬት አዋጁ ጊዜ አገር ጥሎ ከሄደ የቡና እርሻ ባለቤት ነው። መንዳት ስለማያውቅ አራት ዓመት በሸራ ሸፍኖ አቆያት። የሚጠብቃትና ሞተሯን አልፎ አልፎ የሚያስነሳላት የቀድሞው የጭነት መኪና ሾፌር ተካ ነው። ሊገዛት የመጣው ደግሞ የቡና ማጠቢያው ሠራተኛ ባየ፤ እሱም መንዳት አያውቅም። መሪ ያልጨበጠ ሰው መሪ ላልጨበጠ ሰው የእሽቅድምድም መኪና ሲሸጥ ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ።

ሳቁ ያበቃው ዛሬ ጠዋት ነው። የባየ አማት አቶ አለሙ፣ የከተማው አንጋፋ መካኒክ፣ መኪናዋ ትበጅ እንደሆነ ሊመረምሩ ጎርፍ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ ተጋድመው ከሥሯ ገቡ። ባየ መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። መኪናዋ ቁልቁል ተንሸራታ በሽማግሌው ላይ አለፈችና ከታች የቡና ተክል አቆማት። የቀበሌው ሊቀመንበር ወዲያው ባየን አሰረ፤ «አሻጥረኛ፣ ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ጻፈና ከስድስት ሰዓቱ የጅማ ጭነት መኪና ጋር ሊልከው ተዘጋጀ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ተጽፎበት ለሄደ ሰው ስንቅ የሚያደርስ ዘመድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስንቁን እንደያዘ ነበር የሚመለሰው።

ቀበሌው በር ላይ የሟቹ ልጅ፣ የባየ ሚስት የሺሃረግ፣ የሰባት ወር ሆዷን ደግፋ ሃምሳ አለቃውን ትጠብቃለች።

«ጌታዬ… ይቅርታ፣ ጓድ። አባቴ እቤት ተገንዟል። ባሌን ደግሞ ልትወስዱት ነው። ለየትኛው ላልቅስ?»

«መኪናው ለምን አስፈለጋችሁ?»

«አምና የመጀመሪያ ልጄ መንገድ ላይ ሞተብኝ። ምጥ ይዞኝ፣ አውቶቡስ ጠፍቶ፣ በቃሬዛ። ባየ ‹ዘንድሮ በቃሬዛ አትሄጂም› አለ። ያገኘውም ይህችኑ ነው። የጭነት ትሁን የልጅ መጫወቻ መች አየና!»

ባየ እስር ክፍሉ ውስጥ ቀኝ እግሩን እንደ ሌላ ሰው እግር እያየ ተቀምጧል።

«ገድያቸዋለሁ» አለ። «ይጻፍልኝ።»

«ይጻፋል፤ አትቸኩል። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«አባባ ከፊት ጎማዎቹ ፊት ሁለት ድንጋይ ታኮ አደረጉና ገቡ። ‹ፍሬኑን ርገጥ› አሉኝ፤ ረገጥኩ። ትንሽ ቆይተው ከሥር ሆነው ሳቁ። ‹ይቺ መኪና ጅማን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች!› አሉ። ኋላ ‹ልቀቅ› ሲሉኝ ለቀቅኩ። ሄደች።»

«ከሳቁ እስከ ‹ልቀቅ› ምን ያህል ቆየ?»

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያስደርሳል።»

«ሸምሱና ተካስ?»

«ሸምሱ ሱቁ ሲገባ ሲወጣ ነበር። ተካ እዚያው መኪናዋ አጠገብ። ምን እንደሚሠራ አላየሁም፤ ዓይኔ እግሬ ላይ ነበር።»

ተካ ስለ ነገሩ ሲጠየቅ አላመነታም።

«ያረጀ ፍሬን ነው፣ ጓድ። ታኮውን ዘላ ሄደች። አሥራ አምስት ዓመት የጅማን መንገድ ነድቻለሁ፤ ስንቱን አየሁ።»

«እሷንስ ነድተሃል?»

«ከግቢ አላወጣኋትም።»

ሃምሳ አለቃው መልሱን ሰምቶ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ከሥሯ ገባ፣ ወንበሯን ተጫነ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ምንጣፍ ገለጠ። ከዚያ የፖሊሱን ጂፕ ዳገቱ ላይ አስቁሞ ሁለት ድንጋይ ታኮ አስደረገና ሁሉንም አስጠራ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባየ እጁን እንደታሰረ መጣ። የሺሃረግ፣ ሊቀመንበሩ፣ ሸምሱና ተካም ቆሙ። ገብረወልድ የጂፑን ሾፌር «ቦታ ልቀቅልን» አለው፤ ጂፑ ወደ ላይ ሄደ። ሸምሱ አንዱን ድንጋይ ተራምዶ አለፈ። ሊቀመንበሩን ሌላው አደናቀፈውና ተራገመ። ተካ ጎንበስ አለ፤ ሁለቱንም አንስቶ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው።

«ማን አዘዘህ፣ ተካ?»

«ማንም። ድንጋይ መንገድ ላይ ትቶ የሚሄድ ሾፌር የተረገመ ነው።»

«እውነት ነው። ጠዋት የአቶ አለሙን ሁለት ድንጋዮች ያገኘኋቸውም እንዲሁ ሣሩ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው።»

ተካ የእጁን ጭቃ በሱሪው ጠረገ።

«ዘላቸው ብትሄድ ኖሮ ጭቃው ውስጥ ይቀበሩ ነበር» ሲል ቀጠለ። «የነበሩበት ጉድጓድ ግን ጠርዙ አልፈረሰም፤ በእጅ ነው የተነሡት። መቼ? ባየ ፍሬን ረግጦ ሳለ፤ ያኔ ክብደቱ ታኮው ላይ አያርፍም። ባየ ከመሪው አልተነሣም። ሸምሱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሬሳ በወደቀበት ላይ መኪና ሲሸጥልኝ ነበር፤ ድንጋይ ለመሰብሰብ የሚጨነቅ ሰው አልመሰለኝም።»

ሸምሱ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ግን ለምን?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቆጣሪው አርባ አንድ ሺህ ይላል። የፔዳሉ ላስቲክ ግን እስከ ብረቱ አልቋል፣ የሾፌሩ ወንበር ሰምጧል። የቆጣሪውን ሽቦ የያዘው ብሎን በቁልፍ ተጫጭሯል፤ ስትሄድ እየተፈታ ስትመለስ ይታሰር ነበር። ሆዷን ድንጋይ ፍቆታል፤ ፍቀቱም ዝገት እንኳ አልያዘም። በሸራ ተሸፍና የከረመች መኪናን የሚፍቃት ማነው? ምንጣፏ ሥር ደግሞ የጀንፈል ቡና ገለባ አገኘሁ። ሲመሽ ቡና በስውር ወደ ጅማ የምታደርስ መኪና ናት፤ ቁልፏ በማን እጅ እንደነበር ሸምሱ ይናገር። አቶ አለሙ ይህን ሁሉ ከሥር ሆነው አዩና ሳቁ። ሳቁ የገባው ሰው አንድ ብቻ ነበር።»

ተካ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«ጮክ ብለው ነው የሳቁት እኮ» አለ። «ሰው ሁሉ እስኪሰማ። በኮንትሮባንድ ቡና የተያዘ ሰው ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አራት ልጆች አሉኝ… ዝም ቢሉኝ ምን ነበረ?»

የሺሃረግ ወደ እሱ ዞር አላለችም። የባየን የታሰረ እጅ ይዛ «ሰማህ? እግርህ አይደለም። እግርህ አይደለም» ትላለች፤ እሱ ግን አሁንም ቀኝ እግሩን ያያል።

ከላይ የጅማው ጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ሊቀመንበሩ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋ፣ አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ።

«ሁሉም ገብቶኛል» አለ። «ግን የተጻፈው የባየ ስም ነው፤ ማኅተምም አርፎበታል። አሁን በምን ልሰርዘው ነው?»

«በእስክሪብቶ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»