አምስት ኮከብ የሰጡት ሟች

አቶ ያረጋል የወደቁት ማለዳ፣ የበቆሎ ጆንያ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ነበር። ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሳይደርሱ ነፍሳቸው ወጣች። ሐኪሞቹ «ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር ፈንድቷል» አሉ። በዋዜማው ግን ወገባቸውን አሟቸው እዚያው ፍኖተ ሰላም አንድ የግል ማዕከል ሲቲ ስካን ተነሥተው፣ «ደህና ነዎት» ተብለው ነበር የተመለሱት። ሠልስቱ እንዳለፈ ልጃቸው ሕሊና ከል እንደለበሰች ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሲሳይነሽ ተሰጠ።

«ጥፋቱ የዶክተሩ ነው» አሉ የማዕከሉ ባለቤት አቶ ሰይፈ ስልካቸውን እየዘረጉላት። «ታካሚዎች ገጻችን ላይ የጻፉትን ያንብቡት። በእሱ ምክንያት ሰው ወደ ቡሬ እየሸሸብን ነው።»

ሲሳይነሽ ተቀምጣ አንድ በአንድ አነበበች። ምስጋናው ሁሉ መስኮቱ ላይ ለምትቀመጠው እንግዳ ተቀባይ ለትሕትና ነው፤ ፈገግታዋ፣ ወረፋ አለማስጠበቋ። ወቀሳው ሁሉ ምስሉን አንብቦ ውጤቱን ለሚጽፈው ለዶክተር ይሄይስ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ አምስት ኮከብ ነበረው፦ «ዶክተሩ ዘንድ መግባት እንኳ አላስፈለገኝም። የመስኮቷ ልጅ እጄን ይዛ ደህና ነዎት አለችኝ። ያረጋል።»

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች አብራት የመጣችው ሕሊና። «አባዬ እየነገሩኝ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።»

ከቤት ያመጣችውን ፖስታ ሲሳይነሽ ከፈተችው። ምስሉ ብቻ ነው ያለበት፤ ጥግ ላይ ሁለት የስቴፕለር ቀዳዳዎች አሉ።

ይሄይስ ጥያቄዋን ቆሞ መለሰ።

«ታካሚዎች አይወዱዎትም።»

«አውቃለሁ። ማለሳለስ አልችልበትም።»

«አቶ ያረጋልን ምን አሏቸው?»

«አላየኋቸውም። የደም ሥራቸው አብጧል፣ ሸክም እንዳያነሡ፣ ዛሬውኑ ባሕር ዳር ይሂዱ ብዬ ጻፍሁ። ከምስሉ ጋር አያይዤ፣ ሳይሄዱ ይግቡ ብዬ ወደ መስኮቱ ላክሁ። ቸኩለው ሄዱ ተባልሁ። ስልካቸው መዝገቡ ላይ ነበር። አልደወልሁም።»

ከሰዓት በኋላ ሕሊናን ጨምራ ሁሉንም የታካሚዎች መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተሩን የወቀሱት ሁሉ አንድ ነገር ያማርራሉ» አለች። «ክፉውን ዜና ፊት ለፊት ነገረን ይላሉ፤ ደበቀን ያለ የለም። ጽሑፉም ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ሟች ከመውጣታቸው ሃያ ደቂቃ በፊት ታትሟል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ወረቀቱ ተያይዞ እንደነበርና እንደተነቀለ ይናገራሉ። አቶ ሰይፈ ያን ቀን ቡሬ ነበሩ። ፖስታውን አሽጎ የሰጠ፣ ደህና ነዎት ያለም አንድ ሰው ነው። እሱንም የመሰከሩት ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ አመስግነው።»

ትሕትና መሳቢያዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች።

«ኮከባችን ከቀነሰ የምጠይቀው አንቺን ነው ብለውኛል ጋሼ ሰይፈ። ደግሞ ሽማግሌው ፈርተው ነበር። እንዲህ ደንግጠው መንገድ ከሚገቡ፣ በማግሥቱ ለልጃቸው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ነው። አንድ ቀን ምን ያመጣል አልሁ።»

አቶ ሰይፈ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ደውለሽልኛል» አለች ሕሊና። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «በማግሥቱ፣ ወደ አሥር ሰዓት ላይ። የማላውቀው ቁጥር ሆነብኝና አላነሣሁትም። ከቀብር እየተመለስን ነበር።»