ማንም ያልነካው ዳዶ

ትራክተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ በካርቡሬተሩ በኩል ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ማረሻው ገና አንድ ትልም እንኳ አልጨረሰም።

«ትናንት ካርቡሬተሩን ማነው ያጸዳው?» አጎቷ ከመቀመጫው ላይ ሆነው ጮኹ።

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግታ ማሳው ዳር ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አላልኩም ነበር? የዚች ልጅ እጅ የገባበት ነገር መቼ ያምርና!»

የአጎቷ ልጅ እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ከትቶ ጎማው ላይ ተደግፏል። ፈገግ አለ። ከእሷ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ «ኢንጅነሩ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አባቷ ሞቶ የእናቷን ማሳ የሚያርስ ሲጠፋ፣ አጎቷና ልጃቸው አብረው መጥተው እሷና እናቷ የሚኖሩበት ቤት ገቡ።

እሷ የሞተሩን ሳል ታውቀዋለች። ቤንዚንና አየር ከሚደባለቁበት ካርቡሬተር አጠገብ፣ የጭስ ማውጫውና የአየር ማስገቢያው በሚገናኙበት ቦታ፣ አንዲት ትንሽ የብረት መዝጊያ አለች። በሙቀት ወራት ወደ «ቀዝቃዛ» ትዞራለች። ብርድ ሲገባ ደግሞ ወደ «ሙቅ» መመለስ አለባት፤ የጭሱ ትኩሳት ካላገዘው ቤንዚኑ በደንብ አይተንም። አባቷ በየዓመቱ ያዞራት ነበር። ዘንድሮ ሥራው ለኢንጅነሩ ተሰጠ፤ ትናንት ራት ላይ «ጨርሻለሁ» ብሏል።

«ጋሼ፣ መዝጊያዋ ምናልባት...»

«እሷን ልጄ አዙሯታል! ያንቺን ጥፋት በሰው ልታላክኪ ነው?»

«ሰበብ መቼ ታጣለች» አለ ኢንጅነሩ።

አጎቷ ወረዱ። «ሁለተኛ ይሄን ሞተር እንዳትነኪ። ሰማሽ?» አሉና መካኒክ ሊጠሩ እየተነጫነጩ ወደ ቤት ሄዱ።

እስኪርቁ ጠብቃ ከሞተሩ ጎን አጎነበሰች። መዝጊያዋ «ቀዝቃዛ» ላይ ናት። እሷን በብሎን አጥብቆ የያዛትን ዳዶ ዝገት በልቶታል፤ በዝገቱ ላይ ዘይት፣ በዘይቱ ላይ አቧራ ተጋግሮበታል።

«አልነካኸውም» አለችው ኢንጅነሩን።

«አልፈታ አለኝ።»

«መፍቻ እንኳ አላሳረፍክበትም። አቧራው እንዳለ ነው።»

ኢንጅነሩ ዞር ብሎ ወደ ቤቱ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ በቃ፣ አንቺ አዙሪያትና እንገላገል። ለአባቴ፣ ያበላሸችውን ካርቡሬተር ራሷ አስተካከለችው እለዋለሁ። ምን ይጎድልብሻል? ስድቡን እንደሆነ ለምደሽዋል።»

መፍቻው መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ አነሳችው። ዳዶውን ከፈታችው ትራክተሩ ይነሳል፤ አቧራው ግን ይረግፋል፣ ከእሱም ጋር ማስረጃዋ። ካልፈታችው ደግሞ መካኒኩ እስኪመጣ ቀኑ ይመሻል። ከኮረብታው ጀርባ ደመናው ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደማቸው ጭቃው ትራክተር አያስገባም፤ እናቷ ደግሞ ሌላ ማሳ የላትም።

«ፍጠኚ እንጂ!»

መፍቻውን ይዛ ቆመች። አልተንቀሳቀሰችም።

አጎቷ ሲመለሱ መፍቻውን እጇ ላይ አዩት። «አትንኪ አላልኩሽም? አንቺ ጆሮ የለሽም?»

«አልነካሁም።» በመፍቻው ወደ ዳዶው ጠቆመች። «እርስዎ ራስዎ ይዩት፣ ጋሼ።»

ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አጎነበሱ። አውራ ጣታቸውን ዳዶው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ጥቁር የሆነውን ጣታቸውን አዩት። ልጃቸውን አዩት። ፊታቸው ጠቆረ። «ይቅርታ» የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ እሷም አልጠበቀችም።

«ዝናቡ መጣ» አሉ ሁለቱንም ሳያዩ። «ፍቱት!»

መፍቻውን ለኢንጅነሩ ዘረጋችለት። ከእጇ መነጨቀው፤ አባቱ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ይቺን አልረሳልሽም።»

እንዲህ በንዴት ከታገለው የዛገው ብሎን እንደሚበጠስ ታውቃለች። ዝም ብትለው አባቱ ፊት በገዛ እጁ ይበጥሰው ነበር፤ ማሳው ግን ሳይታረስ ይቀራል።

«መጀመሪያ ዳዶውን ዘይት ማጠጣት አትርሳ» አለችና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።