«እኔን» አትበሉኝ

እስቲ ወዳጆቼ፣ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ። እኛ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን» ብለን እናልፋለን። በሰነጋር መንግሥት ግን ይህች ቃል እንዲሁ አትባልም። ከልቡ «እኔን» ያለ ሰው የሌላውን ሕመም በራሱ ላይ ይወስዳል።

ሊባኔ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጉልበቷ ይደርቅባታል። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ያማታል። አንድ ጊዜ አክስቷ እትዬ ስንዳዬ «እኔን ልጄን» ብላ ሦስት ቀን ካልጋ መነሣት አቃታት። ሊባኔም «በሠራኝ አምላክ፣ ሁለተኛ ማንም እንዲህ እንዳይለኝ» ብላ ማለች።

ታዲያ ናድ የሚባል ዕውር ዘንዶ ሲመታ ዝናብ የሚያወርደውን ከበሮ ሰርቆ ዋሻው ገባ። ምንጩ ደረቀ፤ ሕፃናት በጥም መሞት ጀመሩ። ዋሻው ድምፅን ሁሉ ስለሚያስተጋባ ናድ ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው መሬቱ በሩጫ ሲደለቅ ብቻ ነው። ሊያስመልሱ ሄደው የሮጡት ጀግኖች ሁሉ ተበሉ። በመጨረሻ አንድ ባሕታዊ፣ «ከበሮውን የምታወጣው መሮጥ የማትችል ሴት ናት» ብለው ተነበዩ።

አደባባዩ ሊባኔን አይቶ ሳቀ። ንጉሡ አዘኑላትና «ልጄ፣ በቃሬዛ ያድርሱሽ» አሏት።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሳልጠየቅ አልታቀፍም። ሲያቅተኝ እኔው እናገራለሁ።»

እትዬ ስንዳዬ በቅሎ ጫነች። ድርባ የሚባል ግዙፍ ተሸካሚም ተከተላቸው።

«በዚህ አካሄድሽ ዘንዶው አርጅቶ ይሞትልናል» አላት መንገድ ላይ።

«አንተን የሚያህል ምሳ ሳይበላ አይሞትም።»

በአራተኛው ቀን ደረሱ። ሊባኔ ግድግዳውን ይዛ ብቻዋን ገባች። ከበሮውን አቅፋ ስትነሣ ጉልበቷ ደረቀና ወደቀች። ከበሮው ጮኸ፤ ናድ ነቃ።

«ሕመምሽ ዋሻውን ሞልቶ ይሸተኛል» አለ። «ከበሮውን ተዪልኝና ልፈውስሽ። ትሮጫለሽ።»

አልዋሻችሁም፣ ልቧ ፈራ ተባ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተመኘችው ነው።

«መሮጥ እፈልግ ነበር» አለችው። «ሕፃናት እያስጠማሁ ግን አይሆንም። ፈውስ ከፈጣሪ እንጂ ካንተ አልቀበልም።»

«እንግዲያ ሩጪ» ብሎ ሳቀና ጆሮውን መሬት ላይ ጣለ።

ብትሞክር፣ ብትሞክር፣ እግሯ እንቢ አላት። ያኔ ተጣራች፤ «ድርባ፣ አቅቶኛል። ና፣ ግን ቀስ ብለህ።»

ድርባ ገባ። እንዲያ ወድቃ ሲያያት ዓይኑ እንባ ሞላ፤ «እኔ…» ሲል አፉን በእጇ ያዘችው።

«በሽታዬን ለኔ ተወው። አንተ ጀርባህን ስጠኝ።»

ከበሮውን እንዳቀፈች አዘላት። ናድ ሲያጉረመርም ድርባ ሊሮጥ ቃጣው፤ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «በኔ እርምጃ» አለችው። አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር፣ በዘንዶው አፍንጫ ሥር አለፉ።

ከበሮው ተመታ፤ ሰነጋር ላይ ዝናብ ወረደ። የሊባኔ ጉልበት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተፈታም። ወደ ጸሎት ቤት የምትሄደው ታዝላ ነው፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ «ምን ላግዝህ?» በሉትና፣ መልሱን እስኪጨርስ ዝም ብላችሁ ስሙት።